የበቅሎ ነጂው ስም

ውድ ወንድሜ ጥሩሰው፣

የበቅሎ ነጂውን ገጽ ምልክት ሳታደርግበት የተውከው ሆን ብለህ ነው ወይስ ረስተኸው? ይህን ብቻ ንገረኝ። ሌላው አልቋል። ከመግቢያው ጀምሮ እያንዳንዱ አንቀጽ ወይ ጥቁር ነው ወይ ቀይ። ያ ገጽ ብቻ ግራጫ ሆኖ ቀርቷል። ግራጫ ማለት «ገና አልወሰንኩም» ማለት ነው ብለኸኝ ነበር። ሥዕሎቹን የሣለችልን ፋና ግን በጨዋታ መጽሐፉ የአጠቃቀም ፈቃድ ላይ ግራጫ የሚባል ነገር የለም ትላለች። ወይ ክፍት ነው፣ ወይ የተጠበቀ ነው።

እኔ የወሰንኩትን ወስኛለሁ። ግን አንተ ምን ልታደርገው ነበር? እሱን ነው ማወቅ የምፈልገው።

ፋና ይህን ደብዳቤ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ላስገባው ብላኛለች። ስለዚህ ጨዋታውን የማያውቅ ሰውም ሊያነበው ይችላል። አንተ የምታውቀውን መልሼ ስነግርህ አትሰልች።

እዚህ ላሊበላ አንተ የምትሠራበት ሆቴል እንግዳ ባጣበት ጊዜ ነው የጀመርነው። ጠረጴዛዎቹ ጨርቅ ለብሰው፣ ብርጭቆው ተገልብጦ፣ የሚበላ ሰው የለም። አንተ እንግዳ መቀበያው ጋ ቆመህ መንገዱን ታያለህ። ድሮ አንድ ጎብኚ በስጦታ ትቶልህ የሄደው የዳይስ፣ ያ እየጣሉ የሚጫወቱበት ባለ ቁጥር ጠጠር፣ ከረጢት መሳቢያህ ውስጥ ነበር። ስድስት ገጽ ያለው ብቻ መስሎኝ ነበር ዳይስ፤ ሃያ ገጽ ያለውም ነበረበት። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ፋና የዕደ ጥበብ ሱቋን ስትዘጋ፣ ምግብ ቤቱ ጥግ ተቀምጠን እንጫወት ነበር። መጀመሪያ የተጫወትነው የውጭውን ነው፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ የሚያወራበት፣ የሚሳካለትን ዳይሱ የሚወስንበት፣ ግንብ ያለበት፣ ዘንዶ የሚገደልበት። ዘንዶውን የገደልን ቀን ፋና በጣም አስባ፣ «አሁን ይሄ ሥጋው የጾም ነው የፍስክ?» አለች። አንተ በሳቅ ወንበሩ ላይ ተንከባለልክ። ከዚያ ነው «የራሳችንን እንሥራ» ያልከው።

«ወደ ገና» ብለህ ሰየምከው። ተጫዋቾቹ ከሩቅ አገር ለገና በእግራቸው ወደ ላሊበላ የሚመጡ ምእመናን ናቸው። ማንም ማንንም አይገድልም። ጠላቱ ዳገቱ ነው፣ ብርዱ ነው፣ እያለቀ የሚሄደው በሶ ነው። እግሩ የቆሰለ ይኖራል፣ መንገድ የሳተ ይኖራል። ሰው ሁሉ ደክሞት ዳይሱም እምቢ ሲለው በቅሎ ነጂው ይመጣል። ስንቅ ይጭንላቸዋል፣ ይሰድባቸዋል፣ ያስቃቸዋል። ገለቴ ይባላል። እኛ ስንጫወት ገለቴን ሁልጊዜ የምትሆነው አንተ ነበርክ። ሌላ ሰው ሞክሮት አያውቅም።

ስለ ፈቃዱ ያስረዳኸኝን አስታውሳለሁ። የዳይሱን ደንብ እኛ አልፈጠርነውም። ሰዎች ሠርተው ለማንም ክፍት ነው ብለው የለቀቁትን ነው የወሰድነው። በላዩ ላይ የራስን ነገር መሥራት ይቻላል፤ ግን መጽሐፉን ስናወጣ የቱ ክፍት እንደሆነ፣ የቱ ደግሞ የእኛ ብቻ እንደሆነ አንባቢ እንዳይሳሳት አድርገን ምልክት ማድረግ አለብን። እኔ አልገባኝም ስልህ አገራችንን ኩልመስክን አነሳህልኝ።

«አዝመራው ሲነሳ ማሳው የማን ነው?» አልከኝ።

«የባለቤቱ ነዋ።»

«ከብት ሲገባበትስ ማን ይከለክላል?»

«ማንም።»

«ጓሮውስ? ጎመኑ?»

«እሱማ ታጥሯል።»

«አበቃ። ደንቡ ማሳው ነው፤ የመንደሩ ከብት ሁሉ ይገባበታል። የኛ ሰዎችና ሥዕሎች ጓሮ ናቸው። የኛ ሥራ አጥሩ የት እንደሆነ በግልጽ ማሳየት ብቻ ነው። ከሰው ማሳ ወስደህ ደግሞ ጓሮዬ ነው ብለህ ማጠር የለም።»

ጥቁር ጽሑፍ ለክፍቱ፣ ቀይ ለጓሮው አልክ። ቀለሙን የመቀባቱን ሥራ ለእኔ ሰጠኸኝ። የሆነውን ታውቀዋለህ። እኔ ቁም ጽሕፈት የተማርኩ ዲያቆን ነኝ። የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሳን ስም ሲመጣ ጥቁሩን ብዕር አስቀምጦ ቀዩን ማንሳት ሳላስበው እጄ የሚያደርገው ነገር ነው። በላፕቶፕም ያው ሆነ። ሳላውቀው መጽሐፉን ሙሉ እንደ ድርሳን ቀባሁት።

አንተ ገጽ በገጽ አነበብከው። ከዚያ፣

«ምኔ፣ ማርያምን የኛ ናት አልካት እንዴ?»

«የት?»

«እዚህ። ላሊበላም የኛ ነው። ይምርሐነ ክርስቶስም የኛ ነው። ቅዱስ ገብርኤልን ያለ ጽሑፍ ፈቃዳችን መጥራት ክልክል ነው።»

ፋና አንገቷን በትከሻህ በኩል አስግጋ አየችው። «እኔኮ ክርስትና ስሜ ወለተ ገብርኤል ነው» አለች። «አባ ዲያቆን፣ በስሜ ለመጠቀም ለናንተ ነው የማመለክተው? ማመልከቻው በአማርኛ ይሁን በግእዝ?»

እስኪያመን ሳቅን። አንተ ቁጭ ብለህ አንድ በአንድ ወደ ጥቁር መለስካቸው። ወደ ገለቴ ገጽ ስትደርስ ቆምክ። እኔ ያን ገጽ ሙሉውን ቀይ አድርጌው ነበር። እሱ ግን በስሕተት አልነበረም።

«ገለቴ ቀይ ይሁን» አልኩህ።

«ለምን?»

«ያንተ ስለሆነ።»

«ሰው ካልተጫወተበት ምን ያደርግልኛል?»

«ቢገድሉትስ?»

«ይሞታላ። በነሱ ቤት ይሞታል፤ በኛ ቤት በቅሎውን እየሳበ ይሄዳል።»

«ሌባ ቢያደርጉትስ?»

«እንግዲህ ሲሰርቅ እናየዋለን። ተው ምኔ፣ ሰው ነገሩን ለመስጠት ይህን ያህል አይፈራም።»

እኔ አኮረፍኩ። አንተ ገጹን ግራጫ አደረግከውና ላፕቶፑን ከደንከው። «ከቤት ስመለስ እንጨርሰዋለን» አልክ። ስንቅ ልታመጣልን ኩልመስክ ሄድክ። ስትመለስ በሽሮው ከረጢት ላይ ተቀምጠህ በአይሱዙ ትመጣ ነበር፤ መኪናው ከመንገድ ወጣ። ሹፌሩ ተርፏል። የቀሩትም ተርፈዋል። ሲነግሩኝ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ደብተሬን ሰብስቤ፣ እስክሪብቶዬን ከድኜ ነው የወጣሁት። ለምን እንደከደንኩት አላውቅም።

በፍትሐቱ ላይ ካህናቱ «ገብረ መስቀል» እያሉ ሲጠሩ ሌላ ሰው የሚቀበር መሰለኝ። ክርስትና ስምህ መሆኑ ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው። ሦስት ስም ነበረህ፤ አባባ ያወጡልህ፣ እማዬ ያወጣችልህ፣ ቤተ ክርስቲያን የሰጠችህ። የተቀበርከው በሦስተኛው ነው።

እኔ አላለቀስኩም። ሰው ይህን ሲያይ ይፈራኛል። ሴቶቹ እየመጡ ያቅፉኝና ፊቴን ያያሉ። «አይዞህ» ሲሉኝ «እሺ» እላለሁ። «ብላ» ሲሉኝ እበላለሁ። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እጅህን ብዙ ስታቆየው እንደሚሆነው ነኝ፤ ነገር ሲነካኝ አውቃለሁ፣ ግን የማውቀው በማየት ነው። እንስሳቱን ውሃ አጠጣሁ። ድንኳኑ ሲፈርስ ገመዱን ጠቀለልኩ። ፋና ስትደውል አነሳለሁ፣ ስትዘጋ እዘጋለሁ።

ፋና ምን እንደምትፈልግ ከመጀመሪያው ግልጽ ነበር። «ምኔ፣ ይቅርታ አድርግልኝ እንዲህ ስልህ» አለች። «ግን ከገና በፊት መውጣት አለበት። ገና ካለፈ በኋላ ስለ ገና መንገድ ማን ይጫወታል? ደግሞ እሱ መጽሐፉን ለሚጠብቁት ሰዎች ቃል ገብቷል። የዚያን ገጽ ነገር ንገረኝና ኢንተርኔት ላይ እጭነዋለሁ። ዝም ካልከኝ ግን ክፍት ሆኖ ይወጣል፤ ምልክት የሌለው ሁሉ ክፍት ነው ብሎ መግቢያው ላይ የጻፈው ራሱ ነው።»

«ቆይ» አልኳት።

«እስከ መቼ?»

«ቆይ።»

ከዚያ አንድ ቀን እማዬ በር ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፣ እኔ አጠገቧ ሆኜ ያንን ገጽ ስልኬ ላይ አያለሁ።

«ቀኑን ሙሉ እዚያ ስልክ ውስጥ ምን ጠፍቶብህ ነው?» አለችኝ።

«የጥሩሰው ሥራ ነው። የጀመረው ጨዋታ።»

«እሱ የጻፈው ነው?»

«አዎ።»

«እስቲ አንብብልኝ።»

የበቅሎ ነጂውን ንግግር አነበብኩላት። መንገደኛው «ቀረብን ወይ?» ይለዋል። «ከትናንት ይሻላል» ይላል በቅሎ ነጂው። መንገደኛው «ዳገቱ የት ጋ ያልቃል?» ይለዋል። «ቁልቁለቱ ጋ።» «በቅሎህ ትሸከመኝ ይሆን?» «ጠይቃት። እሺ ካለችህ እኔም ከኋላህ እወጣለሁ፤ እኔን ይኸው ስንት ዘመን እምቢ ብላኛለች።»

እማዬ ሳቀች፣ ጥሩሰው። በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ከተቀበርክ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። «ወይ ይሄ ልጅ! እሱን እኮ ነው የሚመስለው!» አለች። ከዚያ ዐይኗን እየጠረገች፣

«ማን ይባላል ሰውየው?»

«ገለቴ።»

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ።

በከተማው ይህን የሚያውቅ የለም፤ ፋናም አታውቅም ነበር። ጥሩሰው ያሉህ አባባ ናቸው። እማዬ ግን የጁ እናቷ ዘንድ ሄዳ ስለወለደችህ እዚያ አገር እንደሚባለው ገለቴ አለችህ፤ ምስጋና ማለት ነው። በዚያ ስም የምትጠራህ እሷ ብቻ ነበረች። እኔ እንኳ አንድ ቀን ልሞክረው ብዬ በማማሰያ መትታኛለች።

«ማን ፈቀደላችሁ?» አለችኝ።

የማሳውንና የጓሮውን ነገር እንዳንተ አድርጌ አስረዳኋት። ክፍት ከሆነ ማንም ሰው፣ የማናውቀው አገር ያለ ሰውም ቢሆን፣ ገለቴን ወስዶ የፈለገውን ሊያደርገው እንደሚችል ነገርኳት።

«ሊገድሉትም ይችላሉ?»

«በጨዋታ ነው እማዬ።»

«ይችላሉ ወይ ነው ያልኩህ።»

«ይችላሉ።»

ምስሩን ወደ ሰፌዱ ጠርዝ ገፋችው። «ማሳውን ይጋጡት» አለች። «ቀልዱንም ይውሰዱት፤ እሱም የሚቀልደው ሰው ይስማኝ ብሎ ነው። ስሙን ግን እኔ ለማንም አልሰጠሁም። ለሱም ተጠራበት ብዬ እንጂ አድለው ብዬ አልሰጠሁትም። ገለቴ ሞተ ሲባል አንዴ ሰምቻለሁ። ሁለተኛ አልሰማም።»

ለፋና ደወልኩላት። ነገሩን ነገርኳት።

«ታዲያ ቀላል ነው፣ ቀይ አድርገው» አለችኝ።

«ቀይ ማለት የኛ ማለት ነው። የኛ አይደለም።»

«እንግዲያ ስሙን እንቀይረው። አረጋ እንበለው።»

«አረጋ በቅሎ አይስብም።»

«አረጋ ምን በደለህ?» አለችና ሳቀች፣ ሳቋ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ጠበቅኳት። ስትጨርስ፣ «እሱ ብቻ ነው የሚሆነው፤ ሌላ ስም አፌ አይልም» አለች።

እንግዲህ ልንገርህ፤ ተናድጄብሃለሁ። መናደዴን ያወቅኩት እንኳ ድምፄ ከፍ ሲል ሰምቼ ነው። እኔ ሳላስብ የማርያምን ስም የኛ ነው ብዬ ብቀባ ሳቅክብኝ፤ ተቀመጥክና አስተካከልከው። አንተ ግን የእማዬን ስም ወስደህ መጽሐፍ ውስጥ አስገባህ፤ አልጠየቅካትም። ልትሰጠው ነበር፤ አልጠየቅካትም። ወይስ ለዚህ ነው ግራጫ ያደረግከው? ኩልመስክ ስትሄድ ልትጠይቃት ነበር? እማዬን ጠየቅኳት። ስለ ጨዋታ ምንም አላነሳህባትም። ሽሮው እስኪዘጋጅ ተኝተህ ነበር አሉ። ምናልባት ቸኩለህ ይሆናል። ምናልባት ፈርተሃት ይሆናል። ምናልባት ጭራሽ ትዝ አላለህም። ከእነዚህ የቱ እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው ስለሌለ ሦስቱንም ይዣቸዋለሁ።

አርባህ ወጣ። እማዬ እዚያው ኩልመስክ ይቅር ብላ ነበር፤ አባባ ትምህርቱን ይጨርስ አሉ። ላሊበላ ድረስ መጡና ክፍላችን ውስጥ አብረውኝ ከረሙ። ጥርሳቸውን እየፋቁ በር ላይ ይቆማሉ፣ አከራያችን እትዬ ሰብሌ ወንበር ታወጣላቸዋለች፣ አይቀመጡም። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሄዱ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። «በርትተህ ተማር» አሉኝ። መኪናው ሲንቀሳቀስ እኔን ሳይሆን ጎማውን ነበር የሚያዩት።

ስለዚህ ዛሬ ለብቻዬ የነጋልኝ የመጀመሪያው ቀን ነው።

ነቃሁ። ብርድ ልብሴን አጠፍኩ። ያንተን ፍራሽ አላነሳሁትም፣ አልተኛሁበትምም። ፊቴን ታጠብኩ። ላፕቶፑን ከፍቼ ያንን ገጽ አወጣሁት። ንግግሩን ሁሉ፣ ስድቡን፣ በቅሎዋን፣ ዳይሱ እምቢ ሲል የሚመጣበትን ደንብ፣ ሁሉንም ጥቁር አደረግኩት። ስሙ ብቻ ግራጫ ቀረ። ከዚያ ለእማዬ ደወልኩ። ኔትወርኩ ሦስቴ እምቢ አለና ገባ።

«ምነው በጠዋት? ደህና አደርክ? በላህ?»

«ደህና ነኝ። እማዬ፣ ስሙን ላንቺ ልጻፈው?»

«ለኔ ማለት?»

«መጽሐፉ ላይ። ይሄ ስም የእታገኘሁ ነው፣ ማንም አይወስደውም ተብሎ።»

ከጀርባዋ አባባ ለከብቶቹ ሲያፏጩ ይሰማኛል።

«እዚያው መጽሐፉ ውስጥስ ይኖራል? በቅሎውን እንደያዘ?»

«አንቺ ከፈቀድሽ።»

«ይኑር» አለች። «እዚያ ይኑር። እናንተ ዘንድ ይሁን። ከዚያ አይውጣ።»

«እሺ።»

«ማን ብለህ ነው የምትጽፈኝ?»

«እታገኘሁ።»

«እታገኘሁ ብቻ? አገሩ ሙሉ እታገኘሁ አይደለም እንዴ! የትኛዋ ናት ሊሉ ነው? የአባቴን ስም ጨምርበት እንጂ!»

ጨመርኩበት። እሷ ስልኩ ላይ እያለች መግቢያው ላይ ያለውን ማስታወቂያ እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት፦

«የጨዋታው ደንብ፣ መንገዱ፣ አደጋዎቹ፣ በቅሎ ነጂውና የሚናገረው ሁሉ ክፍት ነው፤ ማንም ይውሰደው፣ ይለውጠው፣ ይጫወትበት። የመጽሐፉ ርዕስና የፋና ሥዕሎች የእኛ ናቸው። የቅዱሳኑና የቦታዎቹ ስም የእኛ አይደለም፤ የሁሉም ነው። ገለቴ የሚለው ስም የወይዘሮ እታገኘሁ ውዱ ነው፤ እዚህ መጽሐፍ ውስጥ የገባው በእሳቸው ፈቃድ ነው። ሌላ ጨዋታ የሚሠራ ሰው በቅሎ ነጂውን ይውሰድ፤ ስሙን ግን ከራሱ ቤት ያውጣለት።»

አነበብኩላት። ድገመው አለችኝ፤ ደገምኩት። «ወይዘሮ ብለህ ነው የጻፍከኝ?» አለች። «አዎ» አልኳት። «መልካም» አለችና ሒሳቡ እንዳያልቅብኝ ብላ ቶሎ ዘጋችው።

ለፋና ላክሁት። «ደረሰኝ፤ ማታ እጭነዋለሁ» ብላ ጻፈችልኝ።

ዩኒፎርሜን ለበስኩ። በሩን ቆለፍኩ። በሩጫም በእርጋታም ባልሆነ አካሄድ ቁልቁል ሄድኩ። የትምህርት ቤቱ በር ተዘግቶ ነበር። ዘበኛው በቀዳዳው አይቶኝ፣ «አንተ፣ ሰዓቱ ስንት ነው?» አለኝ።

«እናቴ ስልክ ላይ ይዛኝ ነው» አልኩት።

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

ከፈተልኝ። ገባሁ።

ወንድምህ
ምንይችል
ላሊበላ